ብርቅ ወፍ፣ ብርቅ ለማን?

ታኅሣሥና ጥር ላይ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ በሚባለው ግዛት የባሕር ዳርቻ ያለፈ መንገደኛ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ከሰሜን ባሕር የሚነሣው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ውሃው ሸሽቶ የገለጠው ጭቃ ዓይን እስኪያደክም ተዘርግቷል። ከዳርቻው የአፈር ግድብ ላይ ሃያ ሠላሳ ሰዎች ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ቴሌስኮፓቸውን በሦስት እግሩ አቁመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። አይነጋገሩም። ከፊታቸው ባለው የስንዴ ቡቃያ ላይ ጥቁር ዝይዎች በሺሕ ሆነው ይግጣሉ። ብሬንት ይባላሉ። ሰዎቹ ግን የመጡት እነዚህን ለማየት አይደለም። በነዚህ ሁሉ መሐል አለች የተባለችውን አንዲት ዝይ ፍለጋ ነው። ከለንደን በሌሊት ተነሥቶ የመጣ አለ፤ ለአለቃው "አሞኛል" ብሎ ከሥራ የቀረም አይጠፋም።

የምትፈለገዋ ባለቀይ ደረቷ ዝይ ናት። አካሏ ትንሽ፣ ጥቁር ላባዋ በነጭ መስመር የተከፈለ፣ ደረቷና ጉንጯ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ሠዓሊ ተጠንቅቆ የቀባት የምትመስል ወፍ ናት። አገሯ እንግሊዝ አይደለም። የምትፈለፈለው በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በታይሚር ነው። እዚያ ጎጆዋን የምትሠራው፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ጭልፊት በሚኖርበት ገደል አጠገብ ነው፤ ጭልፊቱ የራሱን ጎጆ ሲጠብቅ የአርክቲኩን ቀበሮ አብሮ ያባርርላታልና። ብርዱ ሲመጣ ወገኖቿ ወደ ጥቁር ባሕር፣ ወደ ቡልጋሪያና ሩማንያ ዳርቻ ይወርዳሉ። ብሬንቶቹም የሚፈለፈሉት እዚያው ታይሚር ላይ ነው። እነሱ ግን የሚሄዱት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ነው። አንዳንዴ ታዲያ አንዲት ባለቀይ ደረት ከወገኖቿ ትነጠልና ከብሬንቶቹ መንጋ ትቀላቀላለች። እነሱ ሲነሡ ትነሣለች፤ የሄዱበት ትሄዳለች። ኖርፎክ የምትደርሰው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ይህች ወፍ ብርቅ የሆነችው ለማን ነው? ለራሷ ብርቅ አይደለችም። በቡልጋሪያ የጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ሻብላ በሚባለው ሐይቅ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ እንደሷ ያሉትን በሺሕ ሆነው ሲሰፍሩበት ያያል፤ የሚያስበውም ስለ ስንዴው ነው። እርግጥ ነው ዘሯ በዓለም ላይ ሥጋት ካንዣበበባቸው ወፎች ይቆጠራል። ግድቡ ላይ የቆመው ሰው ልብ የሚዘለው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። ያለ ቦታዋ ስለተገኘች ነው። ባጭሩ፣ ስለጠፋች ነው። የጠፋ ልጅ ገበያ መሐል አግኝተን፣ ዙሪያውን ከበን "እንዴት ያምራል!" ብንባባል ምን እንባላለን?

ንጽጽሩ ከበደ የሚል ይኖር ይሆናል። ዝይዋ አታለቅስም፤ ትግጣለች። ከብሬንቶቹ ጋር ተላምዳ፣ ብርዱ ሲያልፍ አብራቸው ወደ ታይሚር የመመለስ ዕድልም አላት። እቀበላለሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በሲሊ ደሴቶች ስለሚታዩት ትናንሽ የባሕር ዳር ወፎች ግን እንዲህ ማለት ይከብዳል። ከሰሜን አሜሪካ ተነሥተው ወደ ደቡብ ሲጓዙ የአትላንቲክ ወጀብ ጠልፎ ወደ አውሮፓ የሚያመጣቸው ናቸው። አብዛኞቹ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ፣ መንገዱን አንድ ጊዜ እንኳ ሄደው ያላወቁ ናቸው። አሁን ከወገናቸው የሚለያቸው ውቅያኖስ ነው። ወፏ ከስታ፣ ደክማ፣ ከጭቃው ላይ ትል ስትለቅም አንድ መቶ ሰው በሹክሹክታ እንኳን ደስ ያለህ ይባባላል።

ይህን ስል ተመልካቾቹን መሳለቂያ ላደርጋቸው ፈልጌ አይደለም። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው። ክሌይ በምትባል የኖርፎክ መንደር እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ስልኳ ሲጮኽ ቅርብ የተቀመጠው ደንበኛ ያነሣና፣ ከሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ደውሎ "ዛሬ ምን ታየ?" ለሚለው የማያውቀው ሰው፣ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ የቀኑን ወፎች ይዘረዝርለታል። ዛሬ ይህን ሥራ የኪስ ስልክ ወስዶታል፤ ሻይ ቤቷም ተዘግታለች። ብርቅ ወፍ ተከትሎ የሚሮጠውን ሰው እንግሊዞች ትዊቸር ይሉታል። ያየውን በመዝገብ ያሰፍራል። በአገሪቱ ውስጥ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ዓይነት ያየ ይከበራል፤ በአንድ ቀን ዘግይቶ ያመለጠችው ወፍ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ታንገበግበዋለች።

ከቅድመ አያቶቹ ጋር ሲተያይ ይህ ሰው ጻድቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያው ዳርቻ ብርቅ ወፍ የታየች እንደሆነ ቀድመው የሚደርሱት ባለጠመንጃዎች ነበሩ። ወፏ ተመትታ ካልወደቀች "አየሁ" ቢሉ የሚያምን አልነበረም። ቆዳዋ ተገፎ፣ ሆዷ ተሞልቶ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ብርቅ በሆነች ቁጥርም ዋጋዋ ይንራል። በጠመንጃ ምትክ መነጽር መያዙ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሰው ልጅ የግብረ ገብ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በላይ በዝምታ የታለፈ እርምጃ ነው። ዓይን ከተጠቀመበት በኋላም ወፏ ወፍ ሆና ትቀራለች። ይሁንና መነጽሩ ጠመንጃውን ተካው እንጂ የዋጋ መተመኛውን አልለወጠውም። ዛሬም ቢሆን ዋጋ የሚወጣላት በማነሷ ነው። የኔ ጭንቀት ከዚህ ላይ ይጀምራል።

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚወቅሰው ወርቁን ያላወቀውን ነው፤ ወርቁ ግን ከመጀመሪያውም ወርቅ ነበር። የወፎቹ ነገር ከዚህ ይለያል። ምንቃረ ቀጭን ኩርሉ የሚባል የባሕር ዳር ወፍ ነበር። ቡናማና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ ረዥም እግር ያለው፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ፣ ከተራው ኩርሉ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን የሚጠይቅ ወፍ ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሜዲትራኒያን ዙሪያ በክረምት የተለመደ ነበርና የቆጠረው የለም። የት እንደሚፈለፈል እንኳ የታወቀው ኡሻኮቭ የተባለ ሩሲያዊ በሳይቤሪያ፣ ታራ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ጎጆዎቹን ካገኘ ወዲህ ነው። ያ የሆነው ከ1909 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት ነበር። ከዚያ በኋላ ጎጆውን ያገኘ ሰው የለም።

(የዚህ ዓይነቱ አለማወቅ ጥንትም ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በአርክቲክ የምትፈለፈለውን አንዲት ዝይ እንቁላል አይተው ስለማያውቁ፣ በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ከተጣበቀ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጡር ትወለዳለች ብለው ያምኑ ነበር። ከእንቁላል ካልወጣች ደግሞ ሥጋዋ ሥጋ አይደለምና በጾም ትበላለች ማለት ነው! የዌልሱ ጄራልድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው በአየርላንድ ይህን ሰበብ አድርገው በጾም ቀን የሚመገቧት ካህናት ነበሩ። የኛ አገር ሊቃውንት ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?)

ወደ ኩርሉው እንመለስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በሞሮኮ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ መርጃ ዘርጋ በሚባል ጥልቀት የሌለው የባሕር ሐይቅ ውስጥ ጥቂት ኩርሉዎች ክረምት ክረምት ብቅ እንደሚሉ ታወቀ። ጥቂት ስል በጣት የሚቆጠሩ ማለቴ ነው። ይህን ጊዜ መነጽር ያነገተ ሰው ከመላው አውሮፓ ወደዚያ መጉረፍ ጀመረ። ለመቶ ዓመት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ወፍ አሁን ፎቶ ይነሣል፣ እርምጃው ይጻፋል፣ ድምፁ ይቀዳል። እሱ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይመነምናል። በማያጠራጥር ሁኔታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እዚያው መርጃ ዘርጋ ላይ በፌብሩዋሪ 1995 ነው። በ2024 የወጣ ጥናት ወፉ ከምድረ ገጽ የጠፋ የመሆኑን ዕድል ከመቶ 96 አደረሰው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ከጠፉት ዘንድ አሰፈረው።

ከዚህ ሁሉ የከነከነኝ አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎች በየሙዚየሙ መሳቢያ ውስጥ የተኙትን የዚህን ወፍ ቆዳዎች አውጥተው ላባዎቹን በኬሚካል መረመሩ። ላባ የበቀለበትን አገር ውሃና መኖ ምልክት ይዞ ይቀራልና። ውጤቱ ወፉ በብዛት ይፈለፈል የነበረው ፈላጊዎቹ ሲባዝኑበት በኖሩት በታራ ጫካና ረግረግ ሳይሆን ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ በካዛክስታን በኩል ባለው የሣር ሜዳ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሆነ። አድራሻውን የተናገሩት እንግዲህ በጥይት የወደቁት ናቸው። የተናገሩትም የሚጎበኝ ከጠፋ በኋላ ነው።

ማን ገደለው ለሚለው አንድ መልስ የለም። አዳኙ አለ፤ የሚያርፍበትን ረግረግ ያደረቀው አለ፤ የሚፈለፈልበትን ሜዳ ያረሰው አለ። የመርጃ ዘርጋ ጎብኚዎች ከገዳዮቹ ወገን አይደሉም። እንዲያውም ምስክሮች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ የመጨረሻውን ቀን እንኳ አናውቅም ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድን ነገር ለመውደድ እስኪያንስ የሚጠብቅ ፍቅር፣ ከጠባዩ የተነሣ፣ መዘግየቱ አይቀርም። ቀደም ብሎ ሊደርስ አይችልም፤ ቀደም ብሎ ነገሩ ብዙ ነዋ!

አሜሪካኖች የራሳቸው ኩርሉ ነበራቸው፤ ኤስኪሞ ኩርሉ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጋ መግቢያ ላይ በማዕከላዊ አሜሪካ ሜዳዎች ሲያልፍ እየተኮሱ ጋሪ ሙሉ ይጭኑት ነበር። ከሥቡ ብዛት መሬት ላይ ሲወድቅ ደረቱ ይፈነዳ እንደነበር ተጽፏል። ለብርቅነት ሲበቃ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። በ1962 በቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ደሴት ላይ የተገኘው ፎቶግራፍ ተነሣ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1963፣ አንዱ ባርቤዶስ ላይ በአዳኝ ጥይት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ማስረጃ የለም።

ፍላጎት ዓይንን ምን ያህል እንደሚያታልል ደግሞ ከእንግሊዝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1998 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ድሩሪጅ ቤይ በሚባል ዳርቻ ምንቃረ ቀጭን ኩርሉ ታየ ተባለ። ብዙ ሰው ጎርፎ አየው። አዋቂዎች መረመሩና በአገሪቱ የወፎች መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ከዓመታት በኋላ ማስረጃው እንደገና ሲጠና አጠራጣሪ ሆነና ተሰረዘ። ያዩት ሰዎች አልዋሹም። ያን ቀን የነበረ ወፍ ነበር፤ ተራው ሊሆን ይችላል። ያው ወፍ ያው ጭቃ ላይ ያንኑ ትል ሲለቅም የነበረ ቢሆንም፣ በመዝገቡ ላይ ስሙ ሲለወጥ የስንቱ ሰው የሕይወት ትዝታ ዋጋው ወደቀ። ወፉ ላይ ምን ተለወጠ?

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ሰው ሊያቀርብብኝ የሚችለው ብርቱ ክርክር ፒተር ስኮት ይባላል። አባቱ ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ በበረዶ ላይ የሞተው ካፒቴን ስኮት ነው። በመጨረሻው ደብዳቤው ላይ ልጁን ከተቻለ የተፈጥሮ ጥናት እንዲወድ አድርጊው ብሎ ለሚስቱ አደራ አለ። ልጁ ዝይ ወደደ፤ ግን መጀመሪያ የወደደው እንደ አዳኝ ነበር። በጀልባ ላይ በተጠመደ ትልቅ ጠመንጃ ዝይ ሲጥል አድጎ፣ ከጊዜ በኋላ ጭቃ ላይ ቆስላ የቀረች፣ ሊደርስባት ያልቻለ አንዲት ዝይ ቀስ እያለች ስትሞት ማየቱ መሣሪያውን ካስጣሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። በታኅሣሥ 1945፣ ጦርነቱ ባለቀ በወራት ውስጥ፣ በሴቨርን ወንዝ መግቢያ ዳርቻ ወደሚገኘው ስሊምብሪጅ ሄደ። የሄደበት ምክንያት እኔ ስነቅፈው የቆየሁት ዓይነት ነበር። በሺሕ ከሚቆጠሩ ነጭ ግንባር ዝይዎች መሐል፣ በእንግሊዝ እምብዛም የማትታየውን ትንሿን ነጭ ግንባር ፍለጋ ነው። አገኛት። እዚያው ቆሞም ይህ ቦታ የዝይዎች መጠበቂያ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የውሃ ወፎች ጥበቃ ማኅበሩን መሠረተ።

ያ ማኅበር በኋላ ያደረገውን አስቡ። የሃዋይ ዝይ፣ ኔኔ የምትባለው፣ በ1950 አካባቢ የቀሩት ሠላሳ ያህል ነበሩ። ሁለቱ ስሊምብሪጅ ደረሱ፤ ባልና ሚስት ናቸው ተብሎ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም እንቁላል ጣሉ! በቴሌግራም ወንድ ዝይ ተጠርቶ በአውሮፕላን መጣ። ከነዚህ ሦስት የተራቡት በመቶ ተቆጠሩ፤ በ1962 የተወሰኑት ወደ ሃዋይ፣ ወደ ማዊ ደሴት ተመለሱ። ዛሬ በሃዋይ ከ2,500 በላይ ኔኔዎች አሉ። እንግዲህ አንዲት ብርቅ ዝይ ለማየት የነበረ ጉጉት ለሌላ ዘር መዳኛ ሆነ ማለት ነው። ክርክሩን አልክደውም። ስኮትን ከሌላው የሚለየው ግን ትንሿን ነጭ ግንባር ካገኘ በኋላ ቴሌስኮፑን አጣጥፎ አለመሄዱ ነው። ለማግኘት ሲል በየተራ ያያቸው ሺዎቹም ከዓይኑ አልወጡም።

ሰው በሚራብበት አገር ስለ ዝይ መጨነቅ ቅንጦት አይደለም ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ አይመስሉኝም። የቅኔ መምህሩ ደሳሳ ጎጆው ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሲያስተምር የሚጠይቀው አልነበረም። "ይህን ዜማ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል" የተባለ ዕለት ግን የቴፕ መቅረጫ ይዞ የማይሄድ የለም። ሽማግሌው ሳል እያቋረጣቸው ለቀራጩ ይዘምራሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሳቸው ጋር አሥር ነበሩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም መንገዱን አላወቀውም። የመርጃ ዘርጋው ኩርሉና እኒህ ሽማግሌ የተጎበኙት በአንድ ዓይነት ዓይን ነው።

እኛ የባሕር ዳርቻ ባይኖረንም የባሕር ዳር ወፍ አላጣንም። በአውሮፓና በሳይቤሪያ ሰሜን የሚፈለፈሉት ትናንሽ ረጃጅም እግር ወፎች መስከረም ሲጠባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ። ከማረፊያቸው አንዱ የሆነው አቢያታ ግን ውሃው እየሸሸ፣ ዳርቻው ነጭ ትቢያ እየሆነ ከሄደ ቆይቷል። ይህን ያዘነለት ብዙ አይደለም፤ ወፎቹ እዚያ ገና ብዙ ናቸውና።

በሌላ በኩል በዓለም ላይ ከኛና ከአጎራባቾቻችን... አይደለም፣ ከኛ ብቻ በቀር የማትገኝ አንዲት ዝይ አለችን፤ ባለሰማያዊ ክንፏ። የምትኖረው በደጋው ረግረግና በወንዝ ዳር ሣር ላይ ነው። ላባዋ ለብርድ የተሠራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰማያዊው ክንፏ በደንብ የሚታየው ስትበር ነው እንጂ ቆማ ስትግጥ አመድማ ነገር ናት። እስካሁን ያቆያት የኛ አድናቆት አይደለም። የደጋው ሰው የውሃ ወፍ ሥጋ አይበላም፤ በዚህ ምክንያት ከብቱን ሲያግድ አጠገቡ ትግጣለች፣ እሱም አይነካት፣ እሷም አትሸሸው። ኤስኪሞ ኩርሉን የጨረሰው ሆድ እሷን አላወቃትም። ስለ ፍቅር ብዙ ከተባለ በኋላ፣ አለመፈለግም እንዲህ ያለ ጸጋ እንዳለው መናገር ተገቢ ነው። ችግሩ ረግረጉን የሚያደርቀው፣ የሚያርሰውና ቤት የሚሠራበት ሰው ሥጋዋን አለመፈለጉ የማያድናት መሆኑ ነው። እሱ እዚያ መኖሯንም ልብ አይልም።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ውሃውን ለከተማችን ያጠጣል። የአውሮፓና የአሜሪካ ወፍ ተመልካቾችም በደንብ ያውቁታል። ቦሌ ከደረሱ በኋላ ቀድመው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ባለሰማያዊ ክንፏን ለመመዝገብ። ቴሌስኮፑ በሦስት እግሩ ሲቆም ከብት ጠባቂ ልጆች ይሰበሰባሉ። ፈረንጁ ዝይዋን ያያል፣ ልጆቹ ፈረንጁን ያያሉ። ዝይዋ እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ አስተኝታ በላሞቹ መካከል ትራመዳለች።